የጫት ሕግ በየድንበሩ መለያየቱ የጠቀመው ማንን ነው?

በሐረርጌ ደጋማ ወረዳዎች ጫት የሚያለማ ገበሬ ከቤቱ የሚወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ለጋው ቅጠል ጤዛው ሳይረግፍ ይቆረጥና በዙርባ ታስሮ፣ እንዳይጠወልግም በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ ወደ አወዳይ ገበያ ይወርዳል። ከአወዳይ ከፊሉ ጭነት በድሬዳዋ በኩል ወደ ጂቡቲ፣ ከፊሉ ደግሞ በጅጅጋና በቶግ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ ይጓዛል። ይህ ሁሉ ጥድፊያ ያለ ምክንያት አይደለም። ለጫት ኃይሉን የሚሰጠው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በ2 ቀን ገደማ ውስጥ እየተዳከመ ይሄዳል። በመሆኑም ዛሬ ብር የሚያወጣው ጫት ነገ ዋጋው ይወድቃል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከገረባ አይቆጠርም።

ቅጠሉ እንዲህ እየተጣደፈ ሲጓዝ ሕጉ በየድንበሩ ይለዋወጥበታል። በኢትዮጵያ ጫት በሕጋዊ መንገድ የሚመረት፣ ግብር የሚከፈልበትና ወደ ውጭ አገር እየተላከ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ምርት ነው። ኬንያ «ሚራ» ብላ የምትጠራውን ይህንኑ ተክል እ.ኤ.አ. በ2016 በሰብል ሕጓ ውስጥ አስገብታ ከሌሎች የእርሻ ምርቶች ጋር መድባዋለች። የኬንያ ጎረቤት የሆነችው ታንዛንያ ግን ከአደንዛዥ ዕፆች ቆጥራ ትከለክለዋለች። ኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ከልክላዋለች። ጂቡቲ በየቀኑ ከኢትዮጵያ እያስገባች ከቀረጡ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ከፍ ያለ ገቢ ትሰበስባለች። ከቀይ ባሕር ማዶ የመን ሕዝቧ በየሰፈሩ ሲቅም፣ አጎራባቿ ሳዑዲ ዐረቢያ በጥብቅ ትከለክላለች፤ በጫት የተያዘውንም በእስራት ትቀጣለች።

እንግዲህ አንድ ቅጠል በአንዱ አገር ሰብል፣ በሌላው ወንጀል፣ በሦስተኛው የቀረጥ ምንጭ ሆኗል ማለት ነው። ማንኛውም አገር የራሱን ሕግ የማውጣት መብት ያለው መሆኑ የሚያከራክር አይደለም። ሊጤን የሚገባው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የእነዚህ ሕጎች አለመጣጣም ገበሬውን፣ የቃሚውን ቤተሰብና የአካባቢውን ሰላም ምን ያህል እንደጎዳ፣ ማንንስ እንደጠቀመ ነው።

የዓለም አቀፉ ሕግ አቋም

በመጀመሪያ ዓለም አቀፉ ሕግ ስለ ጫት ምን እንደሚል መመልከት ተገቢ ነው። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ገና የመንግሥታቱ ማኅበር በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ስለ ጫት የተጻፉ ጽሑፎች ለማኅበሩ የአደገኛ ዕፆች አማካሪ ኮሚቴ ቀርበው ነበር። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ላቦራቶሪ ነው። ከዚያ በኋላ ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት በመጀመሪያው ሠንጠረዥ፣ ካቲን የተባለውና ኃይሉ ደከም ያለው ደግሞ በሦስተኛው ሠንጠረዥ እንዲገባ ተደረገ። ተክሉ ራሱ፣ ማለትም ቅጠሉ፣ በየትኛውም ሠንጠረዥ አልገባም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን መርምሮ ጫት በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲውል የሚያደርስ ደረጃ ላይ አልደረሰም ሲል ደምድሟል።

ይህ ማለት ግን ጫት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ ሕግ ጉዳዩን ለየአገሮቹ ውሳኔ ትቶታል ማለት ነው። አገሮቹ በየፊናቸው መወሰናቸው ነው ዛሬ ለሚታየው መዘበራረቅ ምክንያት የሆነው።

ክልከላ በተግባር ሲፈተን

ጫትን በአንድ ድንበር ላይ ብቻ ለማቆም የተደረገው ሙከራ ብዙ ነው፤ ውጤቱም በታሪክ ተመዝግቦ ይገኛል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ከድሬዳዋ የሚነሡ አውሮፕላኖች ጫት ወደ ኤደን ያጓጉዙ ነበር። በዚያን ጊዜ ኤደንን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1957 ጫትን ከለከለ። የኤደን ቃሚ ግን መቃሙን አልተወም። ክልከላው ወደማይደርስበት ወደ ጎረቤት ላሕጅ በመኪና እየሄደ ይቅም ጀመር። አስተዳደሩም የቀረጥ ገቢውን አጣ፤ የሕዝቡንም ቅሬታ አተረፈ። አንድ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1958 ክልከላውን አነሣ።

ሁለተኛው ምሳሌ ሶማሊያ ናት። የሲያድ ባሬ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1983 ጫትን መትከልን፣ ማስገባትንና መቃምን ከለከለ። በሰሜኑ ክፍል የሚገኙ የጫት ማሳዎች እንዲነቀሉ ተደረገ። በጫት ንግድ የሚተዳደረው የሰሜኑ ሕዝብም እርምጃው በተለይ በእርሱ ላይ የተቃጣ አድርጎ በመቁጠሩ፣ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ የነበረው ቅሬታ ተባባሰ። ንግዱ ግን አልቆመም፤ ወደ ጨለማ ገባ እንጂ። ዋጋው ናረ፤ ትርፉም ለጠረፍ አሻጋሪዎችና ለተባባሪዎቻቸው ሆነ። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወድቅ ጫት በይፋ ወደ ገበያው ተመለሰ።

ለንጽጽር ያህል የቀድሞዋ ደቡብ የመን የወሰደችው እርምጃ መጠቀስ ይኖርበታል። ይህች አገር በ1970ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ጫትን ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ በከተሞች በሳምንቱ መጨረሻና በበዓላት ቀን ብቻ እንዲቃም ፈቀደች። ሠራተኛው በሥራ ቀን ሥራውን እንዲሠራ፣ ደመወዙም ለቤተሰቡ ቀለብ እንዲተርፍ የታሰበ ሥርዓት ነበር። ደንቡ ሁለቱ የመኖች እስከተዋሐዱበት እስከ 1990 ድረስ ሲሠራበት ቆይቷል። ከሙሉ ክልከላ ይልቅ ልክ የተበጀለት ቁጥጥር ዕድሜ እንደሚኖረው ከዚህ ለመረዳት ይቻላል።

ጦሱ ለገበሬው ነው

ሕጎች በድንገት ሲለዋወጡ የመጀመሪያው ተጎጂ ገበሬው ነው። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ብሪታንያም በሰኔ ወር 2014 ጫትን ሲከለክሉ በኬንያ የሜሩ ተራሮች ጫት የሚያለሙ ገበሬዎች የአውሮፓ ገበያቸው በአንድ ጊዜ ተዘጋባቸው። የብሪታንያ መንግሥት የራሱ የአደንዛዥ ዕፆች አማካሪ ምክር ቤት ክልከላውን ያልደገፈ መሆኑም አይዘነጋም። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሶማሊያ የኬንያን ጫት ማስገባት አቆመች። መጀመሪያ የኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም የሁለቱ መንግሥታት የዲፕሎማሲ ቅራኔ ምክንያት ሆኖ ገበያው እስከ ሐምሌ 2022 ድረስ ተዘግቶ ቆየ። የተከፈተውም የሁለቱ አገሮች መሪዎች ተገናኝተው ከተነጋገሩ በኋላ ነው። በእነዚያ 2 ዓመታት የሜሩ ገበሬ ከማሳው ላይ ያለውን ቅጠል ሊያስቀምጠው ወይም ሊያቆየው አልቻለም። ቡና ቢሆን ኖሮ በጎተራ ይቆይ ነበር፤ ጫት ግን አይጠብቅም።

የኡጋንዳም ሁኔታ ከዚህ የተለየ አይደለም። የጫት አምራቾችና ነጋዴዎች ባቀረቡት አቤቱታ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 የቀድሞውን የአደንዛዥ ዕፆች ሕግ ሻረው። የሻረበትም ምክንያት ሕጉ በፓርላማ ሲጸድቅ ምልዓተ ጉባኤ ያልተሟላ ነበር የሚል ነው። ነገር ግን ፓርላማው በዚያው ዓመት ጫትን የሚከለክል ሌላ ሕግ አጸደቀ። ገበሬው በአንድ ዓመት ውስጥ ከሕገ ወጥ ወደ ሕጋዊ፣ ከሕጋዊም መልሶ ወደ ሕገ ወጥ ተዛወረ ማለት ነው። በታንዛንያም በኪሊማንጃሮ ክልል በሳሜ ወረዳ የፖሊስ ኃይል የጫት ማሳዎችን እየገባ ሲያስነቅል ቆይቷል። ከዚያው ድንበር ማዶ፣ በኬንያ፣ ይኸው ተክል በሕግ የታወቀ ሰብል ነው።

የሕጉ ልዩነት የሚያስከፍለው ዋጋ በገንዘብ ብቻ የሚለካም አይደለም። የሳዑዲ ዐረቢያ ድንበር ጠባቂዎች በጂዛንና በዐሲር በኩል ከየመን ጫት ተሸክመው ሲሻገሩ የተያዙ ኢትዮጵያውያንን ዜና በየጊዜው ያወጣሉ። እነዚህ አብዛኞቹ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የወጡ፣ መንገድ ላይ ገንዘብ ያለቀባቸው ወጣቶች ናቸው። በአገሩ ገበያ ላይ ማንም ሳይከለክለው ተሸክሞት የኖረውን ዙርባ ተሸክሞ በመገኘቱ አንዱ ወጣት በባዕድ አገር እስር ቤት ይገባል። የጭነቱ ባለቤት ግን ተራራውን አይሻገርም፤ እስር ቤቱንም አያየውም።

ገበሬው ወደ ጫት ለምን ዞረ?

አንዳንድ ወገኖች ገበሬው ጫቱን ነቅሎ ቡናና እህል ይትከል ይላሉ። ሐሳቡ በጎ ነው። ነገር ግን ገበሬው ወደ ጫት የዞረው ቡናን ጠልቶ እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። የሐረርጌ ቡና በዓለም ገበያ የታወቀ ምርት ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በኢትዮጵያ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ብዙ ማሳዎችን ጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ ዋጋው አሽቆለቆለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የቡና ዋጋ እንደገና ወድቆ ገበሬው የለቃሚ ዋጋ እንኳ ለመሸፈን ተቸገረ። ጫት በአንጻሩ በጠባብ መሬት ይበቅላል፤ ውሃ ካገኘ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፤ በተቆረጠ ዕለት ብር ያስገኛል። ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ይዞ ብዙ ልጆች የሚያሳድግ አባወራ የመረጠው ይህንን ነው። ምርጫው የስንፍና ሳይሆን የሒሳብ ነው።

ለአገርም ቢሆን ጫት ቀላል ምርት አይደለም። ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገኘባቸው ዓመታት አሉ። ነገር ግን ይህ ገቢ በኮንትሮባንድ የሚሾልከውንና በየመንገዱ በተተከሉ ሕገ ወጥ ኬላዎች የሚባክነውን አይጨምርም። ገበሬው በማሳው ላይ የሚሸጥበት ዋጋና ቃሚው በጂቡቲና በሐርጌሳ የሚገዛበት ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቁት፣ በመሐል ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ ብቻ አይደለም። በየኬላው እጁን የሚዘረጋው ስለ በዛ ጭምር ነው።

ጉዳቱ አይሸሸግም

በሌላ በኩል ሲታይ ጫትን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡት ቅሬታ እውነትነት ያለው ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ጉዳቱን ሳይናገሩ ስለ ሕግ ማሻሻል መናገር አይቻልም። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። አብዝቶ የሚቅም ሰው ለአእምሮ ሕመም ሊጋለጥ ይችላል። ከቀትር ጀምሮ በበርጫ የተቀመጠ አባት የምርቃናውን ሰዓት ሲጠብቅ የሥራው ቀን ያልፋል። ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» እያሉ ወደ መጠጥ የሚሄዱ ወጣቶች አሉ። በሐረር አካባቢ ሽማግሌዎች ለዱዓና ለሽምግልና በልክ ሲጠቀሙበት የኖረው ቅጠል ዛሬ በየትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ለተማሪ ይሸጣል። ከምሥራቁ ክፍል ወደ ሲዳማ፣ ወደ ጉራጌና እስከ ባሕር ዳር አካባቢ ድረስ ተስፋፍቷል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህም ሌላ የውሃ ጉዳይ አለ። የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ደርቆ ነበር። ለመድረቁ ብዙ ምክንያቶች የተሰጡ ሲሆን፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ያለ ልክ የተሳበው ውሃ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ውሃ መልሶ መያዝ መጀመሩ ያስደስታል፤ ያለ ደንብ ከተሳበ ግን ዳግም ሊደርቅ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። በየመንም በሰንዓ አካባቢ የጫት መስኖ የከርሰ ምድሩን ውሃ እያሟጠጠ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በጫት ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ መድኃኒትም ሌላው ሥጋት ነው። ሌላው ምርት ከመበላቱ በፊት ይታጠባል፣ ይበስላል፤ ጫት ግን በተረጨ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጥሬው አፍ ይገባል።

ታዲያ እነዚህን ችግሮች የትኛው ሕግ ይፈታቸዋል? ፈጽሞ የሚከለክለው ሕግ ፀረ ተባዩን ሊመረምር አይችልም፤ በድብቅ የሚሸጥ ነገር አይመረመርምና። ለተማሪ የሚሸጠውን ነጋዴ ፈቃዱን ሊነጥቀው አይችልም፤ መጀመሪያውኑ ፈቃድ የለውምና። በሌላ በኩል ምንም ልክ የማያበጀው ሕግም ግብሩን ሰብስቦ ጉዳቱን ለቤተሰብ ይተዋል። ሁለቱም የሚያስደስቱት በመሐል ያለውን አትራፊ ብቻ ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

መፍትሔው የሚገኘው ጎረቤት አገሮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የጋራ ደንብ ሲያወጡ ነው። ለዚህ የሚሆን መድረክ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። ጽሕፈት ቤቱ በጂቡቲ የሚገኘው ኢጋድ ኢትዮጵያን፣ ጂቡቲን፣ ኬንያን፣ ሶማሊያንና ኡጋንዳን በአባልነት አቅፏል። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሙሉ አባል ከሆነች ወዲህ ደግሞ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንዛንያ ጋር የአንድ የጋራ ገበያ ተካፋይ ሆናለች። በአንድ የጋራ ገበያ ውስጥ አንዱ አባል የሚሸጠው፣ ሌላው የሚገዛው፣ ሁለቱ ደግሞ የሚያስሩበት ምርት መኖሩ ሊቀጥል የሚገባው ነገር አይደለም።

የጋራው ደንብ ቢያንስ አምስት ነገሮችን ቢይዝ ይበጃል። አንደኛ፣ ማንኛውም አገር የጫት ገበያውን ከመዝጋቱ ወይም ሕጉን ከመለወጡ በፊት ለጎረቤቶቹ በቂ ጊዜ ሰጥቶ እንዲያስታውቅ ነው፤ ይህም ገበሬው ማሳውን ለመለወጥ ፋታ እንዲያገኝ ያስችለዋል። ሁለተኛ፣ ጫት በሚፈቀድባቸው አገሮች ሁሉ ለሕፃናትና ለወጣቶች እንዳይሸጥ አንድ ዓይነት የዕድሜ ገደብ፣ ከትምህርት ቤትም የሚርቅበት ልክ ሊበጅ ይገባል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው አዋጅ አልኮል ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ መደንገጓ ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ሦስተኛ፣ በገበያ መሰብሰቢያዎችና በድንበር ኬላዎች የፀረ ተባይ ምርመራ እንዲደረግ ነው። አራተኛ፣ ከጫት ከሚሰበሰበው ቀረጥ የተወሰነው ድርሻ ለአእምሮ ሕክምና፣ ለውሃ ቁጠባና ገበሬው ቡናን፣ ፍራፍሬንና አትክልትን በሚጠቅመው ዋጋ እንዲሸጥ ለሚያስችለው ሥራ እንዲውል ነው። አምስተኛ፣ በሚከለክሉትም አገሮች ቢሆን ለራሱ የሚቅመውንና በድህነት ተገፍቶ የሚሸከመውን ከትልቁ አሻጋሪ ለይቶ ማየት ተገቢ ነው። ለመጀመሪያዎቹ የሚሻለው ከእስር ቤት ይልቅ የሕክምናና የምክር አገልግሎት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ደንብ ማውጣት ጫትን ማበረታታት አይሆንም ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልሱ አይሆንም ነው። ማንኛውም አገር የመከልከል መብቱ እንደተጠበቀ ነው፤ ታንዛንያ እንድትፈቅድ የሚያስገድዳት የለም። የሚጠየቀው ክልከላውም ሆነ ፈቃዱ ጎረቤት ሳያውቀው በአንድ ሌሊት እንዳይወድቅ ነው። ከዚህም በላይ በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ በኩል ሄሮይን እየገባ መሆኑ በታወቀበት በዛሬው ጊዜ፣ የፖሊስ ኃይል ዙርባ ሲያሳድድ መዋሉ ዋናውን ጠላት እንደ መተው ይቆጠራል። ከጫት ጋር ስማቸው የሚዛመደው፣ በፋብሪካ የሚሠሩት ሰው ሠራሽ የካቲኖን ዓይነቶች ግን ከቅጠሉ እጅግ የበረቱ በመሆናቸው በሁሉም ዘንድ እንደተከለከሉ መቆየት ይኖርባቸዋል።

ገበሬውን ጫት ተውና ሌላ ትከል ለማለት የሚቻለው የሚተክለው ነገር የሚሸጥበት መንገድ ሲኖር ነው። ወጣቱንም አትቃም ለማለት የሚቻለው በበርጫው ፋንታ የሚውልበት ሥራ ሲያገኝ ነው። ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ገንዘብም ይፈልጋሉ። ገንዘቡ ደግሞ በየቀኑ ከአወዳይና ከሜሩ ተነሥቶ በየድንበሩ ሲያልፍ ይታያል፤ ከፊሉ በየኬላው እየቀረ፣ ከፊሉ በአሻጋሪ ኪስ እየገባ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድንበር የማይገታውን ንግድ አንድ አገር ብቻውን ሥርዓት ሊያስይዘው አልቻለም፤ ኤደን ሞክራዋለች፣ ሞቃዲሾም ሞክራዋለች። ጎረቤቶቹ ተስማምተው ልክ እስኪያበጁለት ድረስ ገበሬው ሌሊት እየተነሣ ይቆርጣል፤ ነገ የትኛው ድንበር እንደሚዘጋበት ግን አያውቅም። ይህንን ሊነግሩት የሚገባቸው መንግሥታቱ ናቸው፤ ከቅጠሉም መቆረጥ በፊት እንጂ በኋላ መሆን የለበትም።